አሮጌ አምፕሊፋየር ለሚገዛ ወጣት፦ ስፒከሩ ከፋብሪካው የወጣው መሆኑን እንዴት ታውቃለህ?

ልጄ፣ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር መሰብሰብ እንደጀመርክ ስሰማ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ስጋት አለበት። ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ የተረፈ አምፕ ዋጋው በእጅጉ የሚወጣውም የሚወርደውም በስፒከሩ ነው፤ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ነው ወይስ በኋላ የተተካ? ሻጩ «ኦሪጂናል ነው» ይልሃል። አብዛኛውን ጊዜ ሊያታልልህ ብሎ አይደለም፤ እሱም ሲገዛ የተነገረውን ነው የሚደግምልህ። አንተ ግን የሰው ወሬ ትተህ ብረቱን፣ ወረቀቱንና ጣውላውን መጠየቅ አለብህ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከካውያና ከቴስተር ጋር ስለሆነ የማውቀውን በተራ አስቀምጬልሃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. የጀርባውን ክዳን ከመፍታትህ በፊት አጥፋ፣ ከሶኬት ንቀል፣ ቫልቮቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቅ። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስፒከር ለማየት የኤሌክትሪክ ዑደቱን መንካት አያስፈልግህም፤ እጅህን ከላይኛው የብረት ሳጥን አርቅ። ሌላም አለ፦ የቫልቭ አምፕ ስፒከሩ ተነቅሎ ፈጽሞ መብራት የለበትም። የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከስፒከሩ ያልተናነሰ ውድ ዕቃ ነው።

2. ቁጥሩን ማንበብ ተማር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበራቸው ባወጣው አንድ ዓይነት የቁጥር ሥርዓት ይጠቀሙ ስለነበር ሥራህን በጣም ያቀልልሃል። የመጀመሪያዎቹ አኃዞች የአምራቹ መለያ ናቸው። 220 ካየህ ጄንሰን ነው። 465 ኦክስፎርድ፣ 137 ሲ.ቲ.ኤስ፣ 328 ዩታ፣ 285 ሮላ፣ 649 ኤሌክትሮ ቮይስ ነው። ኤሚነንስ ብቻ በሁለት አኃዝ 67 ተብሎ ታገኘዋለህ፤ ይህ ኩባንያ የተመሠረተው በ1966 ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠራ አምፕ ውስጥ ካየኸው ስፒከሩ ተለውጧል ማለት ነው፣ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ።

ከአምራቹ መለያ ቀጥሎ ዓመቱ ይመጣል፤ አንዳንዴ በአንድ አኃዝ፣ አንዳንዴ በሁለት። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ደግሞ የዓመቱ ሳምንት ናቸው። እንበልና 465432 የሚል አየህ። 465 ኦክስፎርድ፣ 4 ዓመቱ፣ 32 ሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት። ዓመቱ 1964 ከሆነ ስፒከሩ የተሠራው በነሐሴ ወር መግቢያ፣ እነሱ ኦገስት በሚሉት ላይ ነው። ሳምንቱ ብለህ ያነበብከው ቁጥር 60 ወይም 75 ከሆነ ደግሞ ወይ አኃዙን አሳስተሃል፣ ወይ የምታነበው የሞዴል ቁጥር ነው። ዓመት 53 ሳምንት አያልፍም።

ቁጥሩ የት ነው ያለው? ብዙ ጊዜ በፍሬሙ የጠርዝ ጎን ላይ በቀለም ተመትቶ ታገኘዋለህ፤ አንዳንዱ ደግሞ በማግኔቱ ክዳን ላይ አለ። እዚህ ላይ ልለምንህ፦ በጨርቅ አትጥረገው፣ አልኮል አታስነካው። የስድሳ ዓመት ቀለም በአንድ ጠረጋ ይጠፋል፤ ከጠፋ ደግሞ የስፒከሩ የልደት ምስክር ወረቀት ጠፋ ማለት ነው። የእጅ ባትሪህን በጎን በኩል አስተኝተህ አብራበት፣ በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ ፎቶውን አጉልተህ እይ። ግማሹ የተሰረዘ 8 ከ3፣ የደበዘዘ 6 ከ5 ጋር ይመሳሰላል፤ ፎቶውን ቤትህ ቁጭ ብለህ ደጋግመህ ማየት ትችላለህ፣ ሻጩ አጠገብህ ቆሞ እያጣደፈህ ግን አትችልም።

3. ዓመቱ በአንድ አኃዝ ሲሆን አሥርት ዓመቱን ከሌላ ቦታ ፈልገው። 4 የሚለው 1954ም 1964ም ሊሆን ይችላል። ጄንሰን ከሆነ የሞዴሉ ስም ይረዳሃል። የመጀመሪያው ፊደል የማግኔቱ ዓይነት ነው፦ ፒ ሲሆን አልኒኮ፣ ሲ ሲሆን ሴራሚክ። ቁጥሩ የስፒከሩ ስፋት በኢንች ነው። የመጨረሻው ፊደል የጉልበቱ ደረጃ ነው፤ ኤን ከኪው ይበልጣል፣ ኪው ከአር ይበልጣል። ስለዚህ ፒ10አር ማለት ባለ አልኒኮ፣ አሥር ኢንች፣ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ስፒከር ነው፤ የ1950ዎቹ መጨረሻ ፌንደር ቤዝማን አራት የሚይዘው እሱን ነው። ሲ12ኤን ደግሞ ባለ ሴራሚክ ነው፤ ሴራሚኩ በጊታር አምፕ ውስጥ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ስለሆነ 4 የሚለው አኃዝ እሱ ላይ 1954 ሊሆን አይችልም። የአምፑ ሞዴልም ይነግርሃል። የፌንደሩ ዴሉክስ ሪቨርብ የወጣው በ1963 ነው፤ የ1954 ስፒከር ከፋብሪካ ይዞ ሊወጣ አይችልም።

4. የስፒከሩን ቀን ከአምፑ ቀን ጋር አስተያይ። ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ቁጥሩን አንብቦ «ጄንሰን ነው፣ የ64 ነው» ሲል ይቆማል። ጄንሰን የ64 መሆኑ ከዚህ አምፕ ጋር መወለዱን አያረጋግጥም። የ64 ጄንሰን ከሌላ ሳጥን ተፈትቶ እዚህ ሊገባ ይችላል፤ ነጋዴዎች ይህን ያደርጋሉ።

የዚያ ዘመን ፌንደር በሣጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የቫልቮቹን ቦታ የሚያሳይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። በብዙዎቹ ላይ ሁለት ፊደል ተመትቷል። የመጀመሪያው ዓመቱ ነው፤ ኤ 1951 ሆኖ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ኤን 1964፣ ኦ 1965፣ ፒ 1966 ይሆናል። ሁለተኛው ፊደል ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ኬ ኖቬምበር። ወረቀቱ ላይ ኤን ኬ የሚል ካለ አምፑ የተገጣጠመው በኖቬምበር 1964 ነው። ቅድም ያየነው ኦክስፎርድ የኦገስት 1964 ስለነበር በመካከላቸው ሦስት ወር ያህል አለ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ስፒከሩ ከቺካጎ ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ፉለርተን እስኪደርስ፣ መጋዘን ውስጥ ተራውን እስኪጠብቅ ሳምንታትም ወራትም ያልፋሉ። ስፒከሩ ከአምፑ በኋላ የተሠራ ከሆነ ግን ጉዳዩ አለቀ፤ የተተካ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከቀደመ ደግሞ ወዲያው አትጣለው፤ በጥርጣሬ ያዘውና የቀሩትን ነገሮች እይ።

የትራንስፎርመሮቹንም ቁጥር አንብብ። በፌንደር ላይ 606 የሚል ካየህ ሹማከር ነው፣ ከዚያ ዓመቱና ሳምንቱ ይከተላሉ። የድምፅና የቃና መቆጣጠሪያዎቹ ፖቴንሽዮሜትሮችም ቁጥር አላቸው፤ 137 ሲ.ቲ.ኤስ፣ 304 ስታክፖል። በእነዚህ ግን ተጠንቀቅ። ሲ.ቢ.ኤስ የተባለው ኩባንያ በ1965 መጀመሪያ ፌንደርን ከገዛ በኋላ በ1966 የተሠሩ ፖቴንሽዮሜትሮች በብዛት ስለተከማቹ ለተከታዮቹ ዓመታት ሲገጠሙ ቆይተዋል። ፖቴንሽዮሜትር የሚነግርህ አምፑ ከዚያ ቀን በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው፤ መቼ እንደተሠራ ከእሱ አትፍረድ።

5. ስፒከሮቹ ሁለት ወይም አራት ከሆኑ እርስ በርሳቸውም ይነጻጸሩ። ከፌንደር አምፖች ትዊን ሪቨርብ ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ኢንች፣ ሱፐር ሪቨርብ አራት ባለ አሥር ኢንች ይይዛል። ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሞዴል፣ ቀናቸውም ተቀራራቢ መሆን አለበት። ሳምንታቸው በጥቂቱ ቢለያይ ምንም አይደለም። ሦስቱ የ1965፣ አንዱ የ1968 ከሆነ ግን አንዱ ተቃጥሎ ተተክቷል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ በሙሉ ዋጋ እንድትገዛው ከተጠየቅክ ነው ነውሩ።

6. ጣውላውን እይ። ስፒከሩ የታሰረበት ሰሌዳ ኮምፔንሳቶ ይሁን የተጨመቀ እንጨት፣ የረጅም ዘመን ጎረቤቱን አሻራ ይይዛል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ስንት ናቸው? ማንም የማይጠቀምባቸው ተጨማሪ ቀዳዳዎች ካሉ ሌላ ስፒከር እዚያ ኖሮ ሄዷል። ሻጩ ከፈቀደልህ ፈትተህ አውጣው፤ በሰሌዳው ላይ ፍሬሙ ተጭኖ የቆየበት ክብ ጠርዝ አሁን ካለው ፍሬም ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ብሎኖቹና ዳዶዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው? ሁሉም እኩል ዝገዋል? ሦስቱ ዝገው አንዱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቢያንስ አንድ ጊዜ ካቻቢቴ እንደገባ እወቅ። አቧራውንም አትናቀው። ስድሳ ዓመት የተቀመጠ አቧራ በፍሬሙ ክንዶችና በሰሌዳው ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ይተኛል፤ ጥቁር አቧራ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ንጹሕ ስፒከር ካየህ ጠይቅ።

7. ሊዱን እይ። የስፒከሩ ሽቦ የተያያዘባቸው ሁለት ጆሮዎች ላይ ያለው ሊድ ያልተነካ ከሆነ ደብዝዞ፣ አቧራ ይዞ፣ ሽቦውም የድሮ ቅርጹን ጠብቆ ታየዋለህ። በኋላ የተነካ ሊድ ይለያል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ተደርቦ ይወፍራል፣ ያብረቀርቃል፣ ዙሪያው ላይ የተቃጠለ ቡናማ ቅሪት ይኖረዋል፣ የሽቦው ጫፍ አጥሮ ወይም ተቀጥሎ ይገኛል። ያልተነካ ሊድ ካገኘህ፣ ቀኑም ከገጠመ፣ ጣውላውም ካልተቃረነ፣ ሦስት ምስክር ቆመልህ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ መጠየቅ ሙግት መፈለግ ነው።

8. ፍሬሙ ኦሪጂናል ሆኖ የስፒከሩ ድምፅ አውጪ ወረቀት አዲስ ሊሆን እንደሚችል አትርሳ። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የማወራህ ሰዎች በብዛት የሚታለሉበት ስለሆነ ነው። ስፒከር ሲቃጠል ወይም ሲቀደድ ባለሙያው ወረቀቱን፣ ኮይሉንና በመሃል ያለውን ክብ የአቧራ ክዳን አንሥቶ አዲስ ይተክላል። ፍሬሙና ማግኔቱ የድሮዎቹ ናቸው፤ 220 ወይም 465 የሚለው ቁጥር እንዳለ ይቀራል። ቁጥሩ እውነቱን ይናገራል፤ የምትሰማው ድምፅ ግን የአዲሱ ወረቀት ነው።

እንዴት ትለየዋለህ? ከዳሩ ጀምር። ወረቀቱ ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የካርቶን ቀለበት ተለጥፏል። የድሮው ቀለበት ከፍሬሙ ጋር አብሮ አርጅቷል፣ ከብሎኖቹ ሥር ተጨምቋል፣ ጫፎቹ ሻክረዋል። የአዲሱ ጠርዝ ስለታም ነው፣ ቀለሙም ንጹሕ ነው። ከሥሩ ሙጫ ፈስሶ ከደረቀ፣ ወይም አሮጌው ሙጫ የተፋቀበት ጭረት በብረቱ ላይ ከታየ፣ ተነካክቷል። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጀርባ ሂድ። ብዙ የፋብሪካ ወረቀቶች ራሳቸው የታተመ ቁጥር አላቸው፤ ወረቀቱ በእርጅና ወደ ቡናማ ያደላል፤ ለረጅም ዘመን ብርሃን ያገኘው ፊቱና ያላገኘው ጀርባው አንድ ዓይነት ቀለም አይኖራቸውም። ፊቱም ጀርባውም እኩል ጥቁር ከሆነ ተጠራጠር። ከወረቀቱ ወደ ጆሮዎቹ የሚሄዱትን ሁለት ተጣጣፊ ሽቦዎችም እያቸው፤ አዲስ መዳብ በአሮጌ ፍሬም ላይ ይጮኻል። በመጨረሻ ፍሬሙን አዙረህ የጥገና ቤት ተለጣፊ ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቀን ፈልግ። ሐቀኛ ባለሙያ ይጽፋል።

ወረቀቱ በደንብ የተተካ ስፒከር ክብር ይገባዋል ባይ ነኝ። እጀ ብልህ ሰው የሠራው እንደሆነ ለብዙ ዓመታት ያገለግልሃል። ዋጋው ግን ካልተነካው ጋር አንድ ሊሆን አይገባም፤ ገዢው ሳይነገረው መሸጡ ደግሞ ሌብነት ነው ብዬ በግልጽ እነግርሃለሁ።

9. ተለጣፊና ቀለም አትመን። የድሮዎቹን የሚመስሉ አዲስ ተለጣፊዎች ዛሬ በቀላሉ ይታተማሉ። በእንግሊዞቹ ሴለስሽን ስፒከሮች ላይ ደግሞ ሰዎች «ግሪንባክ» የሚሉትን በጀርባው አረንጓዴ የፕላስቲክ ክዳን ይለዩታል። ያ ክዳን ግን ተነቅሎ በሌላ ላይ የሚገጠም ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከአረንጓዴው ሌላ ጥቁርና ክሬም ቀለም ያለውም ነበር። በቮክስ ኤሲ30 ውስጥ የነበረው ባለ አልኒኮ ሰማያዊ ስፒከር በጣም ውድ ስለሆነ ሌላ ስፒከር ሰማያዊ ተቀብቶ ሊቀርብልህ ይችላል። ቀለሙ የብሎኖቹ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል? ተለጣፊው ጠርዝ ላይ ደርቧል? ፋብሪካ ተለጣፊውን የሚለጥፈው ከቀባ በኋላ ነው።

10. የእንግሊዙን ሴለስሽን በራሱ ሥርዓት አንብብ። በእሱ ላይ 220 እና 465 አትፈልግ። በመጀመሪያ በቲ የሚጀምረውን ቁጥር አንብብ፤ ለምሳሌ ቲ1221 በማርሻል ሣጥኖች ውስጥ የምታገኘው ጂ12ኤም ነው። ሣጥኑ አራት ስፒከር ከያዘ አራቱም አንድ ዓይነት የቲ ቁጥር እንዲኖራቸው ጠብቅ። ቀኑ ደግሞ በፍሬሙ ላይ በአኃዝና በሁለት ፊደላት ይመታል፤ አኃዙ ዕለቱ፣ ፊደላቱ ወሩና ዓመቱ ናቸው። አይ የሚለውን ፊደል ከ1 ጋር እንዳይምታታ ዘለውታል። የዓመቱ ፊደል ከ1956 በኤ ተነሥቶ 1967 ላይ ኤም ደረሰ፤ በ1968 እንደገና ከኤ ጀመረ። ስለዚህ አንድ ፊደል አሥራ ሁለት ዓመት የተራራቁ ሁለት ዓመቶችን ሊያመለክት ይችላል፤ ልክ እንደ ጄንሰኑ ነጠላ አኃዝ። መልሱም ያው ነው፦ ጂ12ኤም የመጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ በእሱ ላይ ያየኸው የዓመት ኤ 1968 ነው።

11. የጄቢኤል ስፒከር ካገኘህ ለብቻው መርምረው። ዲ120ኤፍ የሚባለው ባለ አሥራ ሁለት ኢንች የፌንደር አማራጭ ነበር፤ ገዢው ተጨማሪ ከፍሎ የሚያዘው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የአሉሚኒየም ፍሬሙና መሃሉ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ትልቅ የብረት ክዳን አያሳስቱህም። ችግሩ ብዙ ጊታር ተጫዋቾች በኋላ ራሳቸው ገዝተው መግጠማቸው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀዳዳውና ሊዱ ከቁጥሩ ይበልጥ ይመሰክራሉ።

12. ቴስተርህን ይዘህ ሂድ። ሽቦውን ነቅለህ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ለካ። 8 ኦም የሚባል ስፒከር በቴስተር 6 ወይም 7 ገደማ ያሳያል፤ ባለ 16ቱ 12 ወይም 13፤ ባለ 4ቱ 3 ገደማ። ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተቆርጧል። ቀጥሎ ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣትህ፣ ከመሃሉ ግራና ቀኝ እኩል አድርገህ ቀስ ብለህ ግፋው፤ ሲመለስ የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር ይነካካል። ሱፐር ሪቨርብ አራቱን ባለ 8 ኦም በትይዩ አገናኝቶ 2 ኦም ላይ የሚሠራ ነው፤ አንድ ሰው ባለ 16 ከቀላቀለበት ድምፁም ሚዛኑም ይዛባል።

13. ኦሪጂናሉን አትጣለው፣ አታቃጥለው። የዚያ ዘመን ጄንሰኖችና ኦክስፎርዶች የሚችሉት ኃይል ትንሽ ነው፤ የዛሬ ተጫዋች እንደሚጫወተው ሙሉ ድምፅ ከፍተህ ብትመታቸው ይበጠሳሉ። እኔ የምመክርህ ለመድረክ አዲስ ስፒከር ገጥመህ የድሮውን በካርቶን፣ ፊቱን ወደ ላይ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው ነው። ስትፈታው የሽቦውን ጫፍ አትቁረጥ፤ ሊዱን በካውያ አሙቀህ አላቅቀው። ትንሽ የተቀደደ ወረቀት በስስ ወረቀትና ደርቆ በማይጠነክር፣ በሚለጠጥ ሙጫ ይጠገናል። አንዳንዱ ሰው ለትንሽ ቅዳጅ ወረቀቱን በሙሉ ያስለውጣል፤ እኔ ይህን ማየት አልወድም።

14. ወደ አገር ቤት የምትልከው ከሆነ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ፌንደር ለ117 ቮልት የተሠራ መሆኑን እወቅ፤ አዲስ አበባ ያለው ሶኬት 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ በአፍታ ይቃጠላል። በጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት በላይ የሚችል ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አብረህ ላክ፤ ትልቅ ቢሆን ይሻላል፣ በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ይበልጥ ይሞቃልና። ቫልቮቹንም ነቅለህ ለየብቻ ጠቅልል።

15. ያየኸውን ጻፍ። የእያንዳንዱን ስፒከር ቁጥር፣ የቫልቭ ወረቀቱን ፊደላት፣ የትራንስፎርመሩን ቁጥር፣ የትኛው ወረቀት እንደተተካና ማን እንደተካው በአንድ ገጽ አስፍረህ ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ቅጂ በፖስታ አድርገህ በሣጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ሙቀት በማያገኘው በታችኛው በኩል ለጥፈው። ስትሸጠውም ገጹን ከዋጋው በፊት ለገዢው ስጠው።